የሸክላ ማጫወቻ መደርደሪያ ራሴ ልሠራ ነው፤ ምን እንጨት ይሻለኛል?

ጥያቄው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃዎቼ አራት ናቸው። ወንድሜ ከለንደን የላከልኝ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ፣ 14 ኪሎ የሚመዝን አምፕሊፋየር፣ ሲዲ ማጫወቻ እና ካሴት ዴክ። ሁሉም የሚኖሩት ከእናቴ ቤት ባመጣሁት ቡፌ ላይ ነው። ቡፌው ሰሃንና ብርጭቆ ለምዷል፤ ሸክላ አልለመደም። በር ሲዘጋ መርፌው ይዘላል። የባሰው ግን ሌላ ነው። ከላይ ያሉት ጎረቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲወቅጡ ሙቀጫው በስፒከሬ በኩል ይሰማል። ቀልዴን አይደለም። ዱም ዱም የሚለው ከጣሪያው ሳይሆን ከስፒከሩ ነው።

ያሰብኩት ባለ 4 ደርብ መደርደሪያ ነው። ወርዱ 55፣ ጥልቀቱ 45፣ ቁመቱ 80 ሴንቲሜትር። ዋንዛ ድምፁን ያሞቀዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ይሻላል የሚሉም አሉ። ብየዳ አልችልም። ትራፓኖና መጋዝ ግን አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ይህን እዚህ መድረክ ላይ ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን 31 መልስ ገብቷል። ሁሉንም ለማንበብ ትዕግሥት ላጣ ሰው በየቁጥሩ ልተርከው። የጨመርኩት የራሴን ማጉረምረም ብቻ ነው።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነበር። ወደ እንጨቱ ከመግባቱ በፊት ሜትር እንዳወጣ መከረኝ። አብዛኛው ዕቃ 43 ሴንቲሜትር ያህል ወርድ ስላለው 55 ይበቃል አለ። ጥልቀቱ ላይ ግን ሰው ሁልጊዜ ገመዱን ይረሳል። ከኋላ የሚሰካው ነገር ብቻውን 5 ሴንቲሜትር ይበላል። ከአምፕሊፋየሩ በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ክፍት እንድተው አሳሰበኝ፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። ሸክላ ማጫወቻው ክዳኑ እንዲከፈት ከሁሉም በላይ ይሁን፣ አምፕሊፋየሩ ግን ከጎኑም ልክ ከሥሩም አይሁን አለ። መርፌው የተሰካበት ራስ ውስጥ ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለ። የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ሲጠጋው የ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ፣ እምምታ ይገባበታል። እኔ ደግሞ ቡፌው ላይ ጎን ለጎን ነበር ያስቀመጥኳቸው። ያ እምምታ ከየት እንደሚመጣ ሁለት ዓመት ሳስብ ኖሬያለሁ።

መልስ 2። ይኼኛው ፎቶ ጭምር ለጥፎ የራሱን አሳየ። ሥራው ቀላል ነው። ከላይ እስከ ታች ጥርስ የወጣላቸው አራት የብረት ዘንጎች፣ በየማዕዘናቸው የተበሱ አራት ጣውላዎች፣ የቀረው ነት እና ዋሸር ነው። እያንዳንዱ ጣውላ ከሥርም ከላይም በነት ይጠበቃል። ስለዚህ 32 ነት እና 32 ዋሸር ያስፈልጋል። ንድፉን ያሰራጨው ቲኤንቲ ኦዲዮ የተባለ የጣሊያን ድረ ገጽ ነው፤ ስሙንም ፍሌክሲ ብለውታል። ዘንጉ ባለ 12 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጣውላውን 1.75 ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ወለሉ ቢንጋደድ እንኳ ውሃ ልክ ይዞ እያዞሩ ማስተካከል ነው። በልኬ ሲያሰላው ባለ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ አንዱ ጣውላ 3 ኪሎ ተኩል እንደማይሞላም ነገረኝ። ብየዳ የማይችል ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ነገ ጠዋት ልጀምር ነበር።

መልስ 3። ከመጀመሬ በፊት አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብኝ። ባለ 12 ዘንግ በ80 ሴንቲሜትር ቁመት ላይ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል አለ። ባለ 16 ይሁን፤ ውፍረቱ በ4 ሚሊሜትር ብቻ ቢጨምርም ላለመታጠፍ ያለው አቅም ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ካልሆነም ቁመቱን ቀንስ። የመልስ 2 ባለቤት ወዲያው ተመልሶ መጣ። የእሱ ቁመት 60 እንደሆነና ያንን መግለጽ እንደረሳ አመነ። በዚህ መድረክ ሰው ስህተቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲያምን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

መልስ 4። ከዚያ የዋንዛ ሰውዬ መጡ። በዕድሜ ጠና ያሉ ይመስላሉ፤ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉልኝ። መደርደሪያቸውን ከአሮጌ የዋንዛ በር እንዳሠሩት፣ ከዚያ ወዲህ ባዙ (ወፍራሙ ድምፅ) እንደከበደ፣ የክራሩም ድምፅ እንደጠራ ተረኩ። ዋንዛ ሙዚቃ የሚያውቅ እንጨት ነው፣ ከበሮ የሚሠራው ከእሱ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ።

መልስ 5። እዚህ ላይ ነው ቃናው የተለወጠው። መላሹ የከበሮውን ክርክር ተቀብሎ መልሶ ወረወረላቸው። ከበሮ የሚሠራው እንዲጮህ ነው። መደርደሪያ የሚሠራው ዝም እንዲል ነው። ታዲያ እንጨቱ ለከበሮ የሚሆን ከሆነ ለመደርደሪያ አይሆንም ማለት አይደለም ወይ? እውነቱን ለመናገር ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ግን በዚህ አላበቃም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ይከለክላል ብሎ ጨመረ፤ አዛውንቱን ጨፍጫፊ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው።

መልስ 6 አዋጁን አረመ። ያ አዋጅ ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፤ የቅርቡ የ2010ሩ ነው፣ ስለዚህ ሕግ የሚጠቅስ ሰው የሚሠራበትን ይጥቀስ አለ። በመልስ 7 የዋንዛው ሰውዬ ራሳቸው ተመለሱ። ተቆጥተዋል። በሩ ከአያታቸው ቤት የተነቀለ፣ ከአዋጆቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ መሆኑን አስረዱ። የቤታቸውን በር መደርደሪያ ለማድረግ የማንንም ፈቃድ እንደማይጠይቁም ነገሩን። እኔ በዚህ ከሳቸው ጋር ነኝ። የባዙን ነገር ግን እግዜር ይወቀው።

መልስ 8። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈው ሰው ስለ እንጨቱ አንድም ቃል አልተናገረም። የጠየቀኝ ስለ ወለሉ ነው። እሱ የሚኖርበት ቤት ወለሉ በእንጨት ወራጅ ላይ የተነጠፈ ነው። ልጁ ከሳሎን ወደ ኩሽና ሲሮጥ መርፌው ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ይሻገራል። ሦስት መደርደሪያ ቀያይሮ ያልዳነውን ነገር አንድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጣውላ አዳነው። ወለሉ ሲረግብ ግድግዳው አይረግብምና። ለእኔም አንድ ሙከራ አዘዘልኝ። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥ፣ ሰው አጠገቡ ይራመድ፣ ውሃውን ተመልከት።

አደረግኩት። እንዲያውም በስኒ፣ ጥቁር ቡና ሞልቼ፤ በቡና ላይ ሞገዱ በደንብ ይታያል። እኔ ቡፌው አጠገብ ስዘል ስኒው ውስጥ ያለው ቡና ተንቀጠቀጠ፤ ቡፌው እግሩ ልል ነው። ስኒውን ሴራሚኩ ላይ አስቀምጬ ስዘል ምንም የለም። ወለሉ ኮንክሪት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሙቀጫው ሲጀምር በወለሉ ላይ ያለው ስኒ ውስጥ ቀጭን ክብ መስመር ከዳር ወደ መሃል ስትሄድ አየሁ። በእያንዳንዱ ምት አንድ። ይህን በመልስ 9 ጻፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውይይቱ የእኔ ሳይሆን የሙቀጫው ሆነ።

መልስ 10። ይህ ሰው ግንባታ ውስጥ የሚሠራ ይመስላል። የግድግዳውን ሐሳብ በሁለት ምክንያት ጣለው። አንደኛ፣ የኮንዶሚኒየም ክፍልፋይ ግድግዳ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ፊሸሩ የሚይዘው ነገር አያገኝም፣ አንድ ቀን ማጫወቻው መሬት ላይ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ሙቀጫው የሚመታው ወለል ከአምዱና ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ነው። ግድግዳ ላይ መስቀል ጆሮን ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ አይለይም አለ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ተስማማ። የእሱ መድኃኒት ለእሱ ወለል መሆኑን ተቀበለ።

ከ11 እስከ 16 ያሉትን መዝለል ትችላላችሁ፤ እኔ ግን የወደድኩት እነሱን ነው። አንዱ መልስ 2 ላይ ነት እና ዋሸር መባሉ አበሳጨው። በእኛ አገር ዳዶ እና ሮንዴላ ይባላል፣ ማን ነው ይህን እንግሊዝኛ ያስገባው ብሎ ተቆጣ። ሌላው ቀበል አድርጎ ዳዶም ሮንዴላም ጣሊያንኛ መሆናቸውን አስታወሰው። ከዚያማ ማን ያቁመው? ካቻቪቴ መጣ፣ ትራፓኖ መጣ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ፑሌጃ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ። ሮም የኖረ አንድ ሰው የራሱን ጨመረ። እዚያ በደረሰ በመጀመሪያው ወር፣ እንደምን አደርክ ማለት ሳይችል፣ የብረታ ብረት ሱቅ ገብቶ የሚፈልገውን ሁሉ በስሙ ጠርቶ ገዝቶ ወጣ። የአባቱ ጋራዥ ቋንቋ አስተምሮታል። ግን ግሮሰሪ ውስጥ ዳዶ ሲል የሾርባ ቅመም ኩብ ሰጡት፤ በጣሊያንኛ ያም ዳዶ ነው። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ የጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት?

መልስ 17። በያጁ ደግሞ ገባ። ብየዳ አልችልም ማለቴ እንዳስቀየመው ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያስታውቃል። ካልቻልክ የሚችል ሰው አለ ነው ነገሩ። አርባ በአርባ ቱቦላሬ፣ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ለእግሮቹ ቆርጦ ደረቅ አሸዋ መሙላት። ባዶውን ቱቦ በጣት አጥንት ስታንኳኳው እንደ ደወል ይጮሃል። አሸዋ ሲገባበት ጡብ እንደ መምታት ነው። አሸዋው ግን በምጣድ ይድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። አሸዋውም ብየዳው ካለቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚገባው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚጎትት መጀመሪያ ሁሉንም ማዕዘን በነጥብ በነጥብ አስይዞ፣ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለክቶ፣ ሁለቱ ልኮች እኩል ሲሆኑ ብቻ መጨረስ። ሰያፍ ሳይለካ የሚበይድ ሰው ጠረጴዛ ሳይሆን ዥዋዥዌ ነው የሚሠራው አለ። ምክሩ ወርቅ ነው። ንግግሩ ግን ኮምጣጣ ነበር። አመሰገንኩት።

መልስ 18። ይህኛው ሁሉንም ወደ ቁጥር መለሰው፤ እኔም ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ። እስካሁን የተባለው ሁሉ መደርደሪያውን ስለ ማጠንከር ነው። ጠንካራ መደርደሪያ ልል እግርን ይፈውሳል፤ ሙቀጫን ግን ከወለሉ ተቀብሎ ሳይሸራርፍ ለመርፌው ያደርሳል። ሙቀጫ ልስላሴ ይፈልጋል። ግን ምን ያህል? የማጫወቻው ክንድና መርፌ አብረው ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ባለው ቦታ በተፈጥሯቸው ይወዛወዛሉ። ከሥር የሚደረገው ለስላሳ ነገር ከዚያ በታች መወዛወዝ አለበት። መከላከል የሚጀምረውም ከራሱ መወዛወዣ 1.4 እጥፍ በላይ ባለው ላይ ነው። መለኪያው ቀላል ነው አለ። ዕቃውን ስትጭንበት 1 ሴንቲሜትር ከሰመጠ 5 ኸርዝ ገደማ ነው። 1 ሚሊሜትር ብቻ ከሰመጠ 16 ኸርዝ ነው፤ ያ ከምንም አይቆጠርም፣ እንዲያውም ሊያባብስ ይችላል። ሱቅ የሚሸጡት ጠንካራ የጎማ እግሮች አብዛኞቹ እዚህ ጋ ይወድቃሉ።

መፍትሔው የልጆች ብስክሌት ባለ 12 ኢንች የውስጥ ጎማ ነው። በትንሹ ይነፋል። በላዩ ከእብነ በረድ ቆራጭ የተረፈ ሰሌዳ ይደረጋል፣ በሰሌዳው ላይ ማጫወቻው። 40 በ35 ሴንቲሜትር ሆኖ 2 ሴንቲሜትር የሚወፍር ሰሌዳ ከ7 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ክብደቱ ራሱ ይረዳል።

በመልስ 19 አንድ ጠንቃቃ ሰው ማስጠንቀቂያ ጨመረ። እንደ ቶረንስ ቲዲ 160 ወይም ሊን ሶንዴክ ያሉ ማጫወቻዎች ከውስጣቸው የራሳቸው ሞላ አላቸው። በሞላ ላይ ሌላ ሞላ መጨመር እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ነው። የእኔ ሞላ የለውም፤ አራት የጎማ እግር ብቻ ነው።

ከ20 እስከ 23 ጠብ ነው። አንዱ ሲዲ ማጫወቻውንና አምፕሊፋየሩንም በጎማ ላይ ላስቀምጥ ወይ ብሎ ጠየቀ። የከበሮው ሰው፣ ያ መልስ 5፣ ተመለሰ። አምፕሊፋየር ጆሮ የለውም፣ ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አለ። የሚንቀጠቀጠውን የሚያነብ መርፌ ያለው ሸክላው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሚፈልገው አየርና የማይወድቅበት ቦታ ነው። የዋንዛው ሰውዬ ግን የሰሙትን ሰምተዋል። ተቃዋሚያቸው መጀመሪያ ጆሮውን እንዲታጠብ መከሩት። እሱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የትኛው መደርደሪያ እንደሆነ ሳያውቁ ለይተው እንዲነግሩት ጠየቃቸው። ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ሁለት መስመሮች ተቆጣጣሪው አጠፋቸው። እኔ ስለ አምፕሊፋየሩ ከልጁ ጋር ነኝ። አዛውንትን እንዲያ መናገሩ ግን አልጣመኝም።

መልስ 24 ከርዕስ የወጣ ቢሆንም ይጠቅማል። አጎቱ ከዳላስ የላኩለት ማጫወቻ ሴት ዘፋኟን ወንድ አስመሰላት። ቮልቴጁን በትራንስፎርመር ቢያስተካክልም አልዳነም። ምክንያቱ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ መሆኑ ነው። አሜሪካ 60 ነው፣ የእኛ 50። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ጊዜ ብቻ ይዞራል። መልስ 25 መፍትሔውን ሰጠው፦ ለ50 ኸርዝ የሚሆን፣ ሞተሩ ላይ የሚገጠም ወፈር ያለ ፑሌጃ። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ያሉት ይህ ችግር የለባቸውም፤ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቆጣጠራሉ።

መልስ 26 የእኔ ነው። ሠራሁት። ባለ 16 ዘንግ፣ ባለ 18 ኤምዲኤፍ፣ ቁመቱ 65። ዋጋ አልጽፍም፤ ስታነቡት ተቀይሮ ይሆናል። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ጣውላዎቹን ለየብቻ ለክቼ ለየብቻ በሳኋቸው። ሦስተኛው ጣውላ ላይ አንዷ ቀዳዳ 4 ሚሊሜትር ስታ ተገኘች። ዘንጉ ሲገባ ተንጋደደ፣ መደርደሪያው በሙሉ እንደ ሰከረ ሰው አንድ ጎኑን ጣለ። አዲስ ጣውላ አስቆርጬ አራቱንም ደራርቤ፣ በሞርሳ አስሬ፣ ባንድ ላይ በሳኋቸው። ገባ። ኤምዲኤፍ የምትቆርጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ዱቄቱ ለሦስት ቀን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ጠርዙንም በቫርኒሽ ድፈኑት፤ ውሃ ከነካው ያብጣል።

የብስክሌቱ ጎማ ያስቸግራል። ብዙ ሲነፋ ማጫወቻው ይጠነክራል፣ ሲያንስ በአንድ ጎን ይዘነብላል። ውሃ ልኩን ሰሌዳው ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ተጫወትኩበት። በየሳምንቱም ትንሽ አየር ይፈልጋል። ቅዳሜ መጣ። ሙቀጫው ከጣሪያው ተሰማ። ከስፒከሩ ግን በጣም ጥቂት፤ ጆሮ ጥሎ ለሚያዳምጥ ብቻ።

መልስ 27። የጻፈችው ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። 26 መልስ ሲጻፍ ሙቀጫው ሥር ምንጣፍ ይደረግ ያለ አንድ ወንድ እንኳ መጥፋቱ ገርሟታል። እናቷ እዚያ ፎቅ ላይ ቡና ሲወቅጡ ሙቀጫውን አሮጌ ጎማ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ የታችኛው ጎረቤት ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።

ከዚያ ለአንድ ቀን ሙሉ ማንም አልጻፈም።

መልስ 28 ላይ በያጁ ጎረቤትን ሙቀጫሽን እንዲህ አድርጊ ማለት ነውር ነው አለ። መልስ 29 ላይ የዋንዛው ሰውዬ ነውሩ በአነጋገሩ እንደሚወሰን አስረዱ፤ ባዶ እጅህን አትሂድ አሉኝ። እሑድ ግማሽ ኪሎ ቡናና ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ክብ ቁራጭ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ መጀመሪያ ጎማውን አዩት፣ ከዚያ እኔን። ነገሩን ሳስረዳቸው ያዘኑት ለእኔ ሳይሆን ለሸክላው ነው። እሳቸውም ከነሳጥኑ አልጋ ሥር የተቀመጡ አርባ ያህል ሸክላዎች አሏቸው፤ የሚያጫውቱበት ግን የለም። ይህን በመልስ 30 ጻፍኩ።

መልስ 31 ትናንት ማታ ገባ። ጠያቂው አዲስ ሰው ነው። ከላይ ያለውን ያነበበ አይመስልም። የካሴት ዴኩ ቀበቶ ስለተበጠሰበት መርካቶ ውስጥ የት እንደሚያገኝ ይጠይቃል።